የባሕር ዱካ በጎጃም፦ ከዓባይ በረሃ እስከ ጣና፣ የሰባት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ጎጃም የባሕር ጠረፍ የለውም። ቋንቋው ግን ባሕርን አልረሳም። በቆሎ ድሮ የባሕር ማሽላ ይባል ነበር፤ ከባሕር ማዶ የመጣ እህል ነውና። በየጓሮው የቆመው ባሕር ዛፍም ስሙን ያገኘው በዚያው መንገድ ነው። ጣና በአካባቢው ሰው አፍ «ባሕሩ» ነው፤ ከተማዋም ባሕር ዳር። ይህን ማስታወሻ ያጻፈን አንድ ሐሳብ ነው፤ የጎጃምን ድንጋይ፣ ዝናብ፣ አፈርና ምድጃ በቅጡ ለማወቅ የፈለገ ሰው ስለ ባሕር ሳያውቅ አይችልም። ስለ ባሕር መሞቅና መኮምጠጥ የሚነገረው ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው ሰውም በዚህ መንገድ ላይ በእጁ ሊዳስሰው ይችላል።

ጉዞው በመስከረም ማለቂያ ቢሆን ይመረጣል። መንገዱ ደርቋል፣ ወንዞቹ ገና አልጎደሉም፣ አደይ አበባ በየዳገቱ አለ። መያዝ ያለበት ዕቃ ጥቂት ነው፦ እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚለካ ቴርሞሜትር፣ የፒኤች ወረቀት (ኮምጣጣነት የሚለካ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይበዛል)፣ ሁለት ሦስት ሎሚ፣ 10 ሜትር ሲባጎ ከነውኃ ልኩ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ ጥርት ያለ ጠርሙስና ሰዓት።

1ኛ ቀን፦ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን

ከጎሃ ጽዮን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። መኪናው በተጠማዘዘ ቁጥር የገደሉ ቀለም ይለወጣል፤ የሚለወጠው ደግሞ ዘመኑ ነው። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ውስጥ የፈሰሰ። ከእሱ በታች አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ ቀጥሎ ቢጫና ግራጫ ሆኖ እንደ መደርደሪያ የተነባበረው የኖራ ድንጋይ፤ ከዚያ ነጭ ጄሶ ከሸክላማ ድንጋይ ጋር፤ በስተመጨረሻ ወደ ወንዙ ሲጠጋ ቀይ አሸዋ ድንጋይ።

የኖራ ድንጋዩ የባሕር ወለል ነበር። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ይህን ምድር ሸፍኖት ሳለ ዛጎል ያላቸው ፍጥረታት በውኃ የሟሟውን ካልሲየምና ካርቦን እየወሰዱ ቤታቸውን ሠሩ፤ ሲሞቱ ዛጎሉ ከታች ተከማቸ። ከመንገዱ ዳር በወደቀ ድንጋይ ላይ የዛጎል ቅርጽ በዓይን የሚታይበት ጊዜ አለ። ከሥሩ ያለው ጄሶ ደግሞ ባሕሩ ገና ጥልቀት ሳይኖረው፣ ፀሐይ ውኃውን እያተነነች ጨዉን ስታስቀር የተፈጠረ ነው።

ሁለቱን መለየት ቀላል ነው፤ ለገበሬም ለግንበኛም ዋጋ ያለው ነገርም ነው። የድንጋዩን አንድ ጎን በቢላ ፍቆ ዱቄት እስኪያወጣ መቧጨር፣ በዱቄቱ ላይ ሎሚ መጭመቅ። አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፤ አሲዱ ካልሲየም ካርቦኔቱን ሲያፈርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወጣ ነውና። ጄሶ ጸጥ ይላል። ሳይፍቁ በደረቁ ገጽ ላይ መጭመቅ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሎሚ ደካማ አሲድ ስለሆነ በለሰለሰ ገጽ ላይ አረፋው በጣም ትንሽ ይሆንና እውነተኛው የኖራ ድንጋይ «ጄሶ ነው» ተብሎ ይጣላል። ጄሶ በጥፍር ይጫራል፤ የኖራ ድንጋይ ግን በጥፍር አይጫርም። ይህም ሁለተኛ ምስክር ነው።

ደጀን ላይ ድንጋዩ ወደ ሲሚንቶ ይለወጣል። ሒሳቡ የማይታለፍ ነው። 100 ኪሎ ግራም ንጹሕ ካልሲየም ካርቦኔት ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፣ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይሄዳል። ምድጃው በፀሐይ ኃይል ቢሠራ እንኳ ይህ 44 ኪሎ አይቀርም፤ ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣ ነውና። ባሕር በሚሊዮን ዓመታት ያስቀመጠውን ካርቦን ምድጃ በአንድ ሰዓት ይፈታዋል። ስለዚህ ለአየር ንብረት የሚያስብ ግንበኛ ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ለልስንና ለግንብ ፒፒሲ የተባለውን የሲሚንቶ ዓይነት መጠቀም ነው፤ በውስጡ የተቃጠለው ድንጋይ በከፊል በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት ስለተተካ በየኩንታሉ የሚወጣው ጋዝ ያንሳል። ፒፒሲ ደካማ ነው የሚለው ሐሜት የመጣው ከአያያዝ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውኃ ማጠጣቱ ቢያንስ ለ10 ቀን መቀጠል አለበት፤ በ3ኛው ቀን ማጠጣቱን ያቆመ ሰው ልስኑ ሲሰነጣጠቅ ሲሚንቶውን ይከሳል።

2ኛ ቀን፦ ደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,446 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የዛሬው ርእስ ዝናብ ነው።

ከጎጃም የክረምት ዝናብ መነሻዎች መካከል ሁለት ውቅያኖሶች አሉ። አንዱ መንገድ ከአትላንቲክ፣ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን እያቋረጠ ከደቡብ ምዕራብ ይገባል፤ ደኑ የወረደበትን ዝናብ እንደገና በቅጠሉ እያተነነ ለንፋሱ ይመልስለታል። ሌላው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። ከሁለቱም የሚርቀው ሰላማዊ ውቅያኖስ ግን ልጓሙን የያዘው ነው። በምሥራቅና መካከለኛ ሰላማዊ ውቅያኖስ የባሕሩ ገጽ ከወትሮው በ0.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ ሲቆይ ኤልኒኖ ይባላል፤ ያን ጊዜ በአፍሪካ ቀንድ ላይ ከፍ ብሎ የሚነፍሰው የምሥራቅ ንፋስ ይደክማል፣ የክረምቱ ዝናብም በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተለይ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው፤ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ምዕራብ ጎጃም ጉዳቱ ቀለል ይለዋል፤ ዝናቡ ሙሉ በሙሉ ባይቀርም ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። ጤፍ ዘግይቶ የሚዘራ ገበሬ የሚጎዳው በዚህ «ቶሎ መውጣት» ነው።

ባሕር ይህን ያህል ጉልበት ያገኘው ከየት ነው ቢባል መልሱ ሙቀት የመያዝ አቅም ነው። የባሕሩ የላይኛው ከ3 እስከ 4 ሜትር ያህል ውፍረት ብቻ፣ ከምድር በላይ ያለው አየር ሁሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት ይይዛል። በሰው ሥራ ከተጨመረው ሙቀት ከ90 በመቶ በላዩ የገባው ወደ ባሕር ነው። ባሕር ባይኖር ኖሮ አየሩ እስካሁን ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈራል።

ዝናብ መለካት ማንም ትምህርት ቤት፣ ማንም ገበሬ ሊሠራው የሚችል ሳይንስ ነው። ቀጥ ያለ ጎን ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ከአንገቱ በታች ይቆረጥና አንገቱ ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገጠማል። የለስላሳ ጠርሙስ ታቹ ወጣ ገባ ስለሆነ እስከ ቀጥተኛው ጎን ድረስ ትንሽ ሲሚንቶ አፍስሶ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ዜሮው ከዚያ ይጀምራል። ከዛፍም ከቤትም ቢያንስ የዛፉን ወይም የቤቱን ቁመት ሁለት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። ንባቡ በየቀኑ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ማለት ነው። የጠርሙሱ ጎን ቀጥ ያለ ካልሆነ ውኃውን በሊትር መለኪያ ለክቶ በአፉ የወለል ስፋት ማካፈል ነው፤ ክቡ አፍ ከዳር እስከ ዳር 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነና 100 ሚሊ ሊትር ከያዘ 12.7 ሚሊ ሜትር ዘንቧል። ሩብ ሄክታር በሆነ ማሳ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 50 ሺህ ሊትር ወርዷል ማለት ነው። ይህን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ጎርፍን በቦይ ለማስተናገድ ሲያስብ አያንስበትም።

3ኛ ቀን፦ ጮቄ

ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ሲወጣ ስንዴው ለገብስና ለድንች ይለቃል፤ ቀጥሎ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ጓሳ ሣርና ጅብራ። ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ከደብረ ማርቆስ በ10 ዲግሪ ይቀዘቅዛል።

እዚህ ውኃ ማፍላት ትምህርት ነው። በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በደብረ ማርቆስ ወደ 92፣ በጮቄ ጫፍ ወደ 87 ዲግሪ። ባቄላ የማይበስለው እሳቱ ስላነሰ አይደለም፤ የፈላ ውኃ ራሱ ስለማይሞቅ ነው። ማገዶ ጨምሮ እሳቱን ማንደድ እንፋሎት ከማባከን በቀር አያበስልም። ትክክለኛው መፍትሔ ክዳን አክብዶ መግጠም፣ እህሉን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ማሳደርና እንፋሎት የሚያፍን ብረት ድስት ነው። በደጋ አገር ለማገዶ ቁጠባ የቀረበ ማንኛውም ቴክኖሎጂ በቆላ ተለክቶ ከመጣ እንደገና መለካት አለበት።

ጮቄ የብዙ ወንዞች አናት ነው፤ ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ሁሉ ከዚህ ይነሣሉ። ጓሳውና ጥቁሩ አፈር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ጠጥተው በበጋ ቀስ ብለው ይለቁታል። እርሻ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚጎዳው ይህ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት መያዝ ይችላል፤ ስለዚህ የሞቀ ባሕር የሚልከው ዝናብ በጠቅላላ መጠኑ ባይጨምር እንኳ ሲወርድ በአንዴ ይወርዳል። ለተገለጠ ዳገት ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ከጨሞጋ ወንዝ ጠርሙሱን መሙላትና ክዳኑን መግጠም። ከዳር ከቆመው ውኃ ሳይሆን ከሚፈስሰው መካከል፣ አፉን ወደ ላይኛው የወንዝ አቅጣጫ አድርጎ ከገጹ ትንሽ ዝቅ ብሎ መቅዳት ያስፈልጋል። ጠርሙሱ እስከ 7ኛው ቀን ሳይነቃነቅ ይጓዛል።

4ኛ ቀን፦ ከደምበጫ እስከ ቡሬ

ከደምበጫ ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ አንጀኒ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር መሸርሸር የሚለካበት 113 ሄክታር ያህል ተፋሰስ። እዚህ የተሠራው እርከን ፋንያ ጁ ይባላል፤ የስዋሂሊ ቃል ነው፣ «ወደ ላይ ጣል» ማለት። ከተራው እርከን የሚለየው ከቦዩ የወጣው አፈር ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ መጣሉ ነው። የታጠበው አፈር ከክምሩ ጀርባ እየተጠራቀመ በዓመታት ውስጥ ዳገቱን ደረጃ ያደርገዋል። አንጀኒን ዛሬ ያየ ሰው ዳገቱ ሲጀመር እንዲህ እንዳልነበረ ለማመን ይቸገራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሁለት ሰው እኩል ቁመት ያለው ዘንግ ይዘው በ10 ሜትር ሲባጎ ይገናኛሉ፤ ውኃ ልኩ በሲባጎው መካከል፣ በትክክል በ5ኛው ሜትር ላይ ይንጠለጠላል። መካከሉ በ20 ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ልኩ ይዋሻል። በእርከኖቹ መካከል የከፍታ ልዩነቱ አንድ ሜትር ከሆነ 10 በመቶ ዳገት ላይ በየ10 ሜትሩ፣ 20 በመቶ ላይ በየ5 ሜትሩ አንድ እርከን ይወጣል። ቦዩ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በቦዩና በክምሩ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ሳይነካ ይቀራል፣ አለዚያ ክምሩ ተመልሶ ይናዳል። ክምሩ ላይ ደሾ ሣር ይተከላል፤ ለከብት መኖም ስለሚሆን ገበሬው ራሱ ይጠብቀዋል።

ትልቁ ስሕተት የደረቅ አገር እርከን በምዕራብ ጎጃም ላይ መገልበጥ ነው። ዝናብ በሚያንስበት አገር ፍጹም ልክ የሆነ እርከን ውኃ ያስቀራል። እዚህ ግን ውኃው ተኝቶ ሰብሉን ያቢጫል፣ ሞልቶም ክምሩን ይበጥሳል፤ አንዱ ሲበጠስ ከታች ያሉት ሁሉ ይከተላሉ። ስለዚህ ቦዩ ከ100 ሜትር ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ዝቅ እያለ ሣር ወደለበሰ ፈሰስ፣ ማለትም ወደ ውኃ መውረጃ፣ መውጣት አለበት። ፈሰሱን ለመስጠት ደግሞ የጎረቤታሞች ስምምነት ይጠይቃል፤ እርከን ከመቆፈሩ በፊት ሽማግሌ መቀመጥ ያለበት በዚህ ላይ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ በአንዳንድ ግቢ ውስጥ የባዮጋዝ ጉልላት ይታያል። በኢትዮጵያ የተለመደው ስንዱ የተባለው ከመሬት በታች የሚገነባ ቋሚ ጉልላት ነው። 6 ሜትር ኩብ ለሆነው በቀን 40 ኪሎ ግራም ያህል እበትና እኩል 40 ሊትር ውኃ ይገባል፤ ለዚህ ሌሊት በረት የሚያድሩ አራት ከብቶች ያስፈልጋሉ። 80 ሊትር በየቀኑ ሲገባ ድብልቁ 60 ቀን ያህል ውስጥ ይቆያል። ይህ መቆየት የግድ ነው፤ የሚነደውን ጋዝ፣ ሚቴንን፣ የሚሠሩት ረቂቃን ተሕዋስያን 35 ዲግሪ ይወዳሉ፣ የደጋ አፈር ግን ከ20 ዲግሪ በታች ስለሆነ ቀስ ብለው ነው የሚሠሩት። በቆላ ከአንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ጋዝ ቢጠበቅ እዚህ ያን ያህል መጠበቅ ቅሬታ ያተርፋል።

መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። «ተበላሽቷል» ብለው የተዉት ብዙዎች ናቸው። ቫልቩን ከፍቶ፣ እሳት ባለበት ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማስወጣትና መጠበቅ ብቻ ነው። ነበልባሉ ሰማያዊ ሲሆን ሚቴኑ ደርሷል። ሰማያዊው ኋላ ላይ እየተንተፈተፈ ከጠፋ ቧንቧው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል፤ ጋዙ ከጉልላቱ ሞቅ ብሎ ይወጣና የያዘው እንፋሎት በቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ ቧንቧው ወደ ውኃ ማስወገጃው ዝቅ እያለ መቀበርና በሳምንት አንድ ጊዜ መከፈት አለበት። ፍንጣቂ የሚፈለገው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት የፈለገ ሰው ቤቱን ያጣል። እበቱ ከገለባ ጋር ከገባ ከላይ ይንሳፈፍና እንደ ቆዳ ይጋገራል፤ ጋዙም ከሥሩ ይታፈናል። የሚያፈስስ ጉልላት ደግሞ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል፤ ሚቴን በ100 ዓመት ሲታሰብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ያሞቃል።

ባዮጋዝ ወጥና ቡና ይሠራል። እንጀራ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰፊው ምጣድ ባንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ የተለመደው የጋዝ ማንደጃም አይበቃውም። ለእንጀራ «ምርጥ» የተባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ አጠገቡ መኖር አለበት፤ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። አንዱ ሌላውን ይተካል ብሎ የሸጠ ሰው ሁለቱንም ያስጠላል። ከጉልላቱ የሚወጣው ተረፈ እበት ከሁሉም ይበልጣል፤ ኩበት ተደርጎ ቢነድ አመድ ይሆን የነበረው ናይትሮጅን ወደ ማሳ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ግን አሞኒያው ይተናል፤ ጥላ ሥር፣ ገለባ ለብሶ ይቀመጥ።

5ኛ ቀን፦ ግሽ ዓባይ

ከቲሊሊ ወደ ሰከላ ተገንጥሎ ግሽ ዓባይ ይደረሳል። ጸበል ነውና ዕቃ ይዞ መቅረብ አይገባም፤ የፒኤች ወረቀቱም ቴርሞሜትሩም መኪና ውስጥ ይቆያሉ። የግልገል ዓባይ ምንጭ እዚህ ነው። ከዚህ የሚነሣው ውኃ ወደ ጣና ወርዶ፣ ከጣና ወጥቶ፣ ጎጃምን ዞሮ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ሜድትራንያን ባሕር ይገባል፤ የምንጩ ውኃ ደግሞ ዋነኛ መነሻው ከባሕር ተንኖ የመጣ ዝናብ ነው። ምንጩ አካባቢ ያለው ደን መጠበቁ ከማናቸውም ግንባታ ይበልጣል። ማምሻውን እንጅባራ።

6ኛ ቀን፦ ከእንጅባራ እስከ መራዊ

በአዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ የተባለውን ለከሰል የሚተከል ዛፍ ለብሷል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ይተክላል፣ በሁለተኛው በመካከሉ ሣር ያጭዳል፣ በ4ኛው ወይም በ5ኛው ዓመት ቆርጦ ያከስላል፤ ከዚያ ማሳው እንደገና ይታረሳል። ዛፉ ናይትሮጅን ወደ አፈር ስለሚጨምር የደከመ መሬት ያገግማል። ከአገራችን የከሰል አሠራሮች ሁሉ ደን ሳይጨፈጨፍ የሚመጣ ከሰል በዚህ መጠን ያየነው እዚህ ነው፤ ሊከበርና ሊሻሻል ይገባዋል።

የሚሻሻለው ክምሩ ነው። በአፈር ተሸፍኖ የሚከስለው እንጨት በተለምዶ ከ10 ኪሎ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ከሰል ይሰጣል። እንጨቱ ከተቆረጠ በኋላ ሦስት ሳምንት ቢደርቅ፣ ወፍራሙ ከመካከል፣ ቀጭኑ ከዳር ቢደረደር፣ ከላይ ሣርና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር አፈር ቢለብስና ከበርሜል ቆርቆሮ የተሠራ ጭስ መውጫ ቢገጠምለት ከ10 ኪሎ ሁለት ኪሎ ተኩል ማግኘት ይቻላል። ጭሱ ይናገራል። ነጭ ወፍራም ጭስ ውኃው እየወጣ ነው፤ ቢጫማ ሲሆን እንጨቱ እየፈረሰ ነው፤ ስስ ሰማያዊ ሲሆን ከሰሉ ራሱ መንደድ ጀምሯል፣ ቀዳዳዎቹ ወዲያው መደፈን አለባቸው። ሌሊት ክምሩ ሰምጦ አፈሩ ሲሰነጠቅ አየር ይገባል፤ ጠዋት የሚገኘው አመድ ነው። ለዚህ ነው ጠባቂ የሚያስፈልገው።

ስጋቱ ሌላ ነው። ዲከረንስ ላይ ዝገት የሚመስል ፈንገስ ገብቷል። አንድ ዛፍ ብቻ የለበሰ ኮረብታ በሽታ ሲመጣበት የሚከለክለው የለም። በየማሳው ወሰን ላይ ሌላ ዛፍ፣ ለምሳሌ ብሳናና ግራር፣ መቀላቀል ከወዲሁ መጀመር አለበት።

የአዊ አፈር ቀይና ጥልቅ ነው፤ ብዙ ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ስለወሰደው ኮምጥጧል። ፒኤቹን ለማወቅ 10 ግራም የደረቀ አፈር በ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ ማማሰል፣ ግማሽ ሰዓት ማቆየት፣ ከላይ በጠለለው ውስጥ ወረቀቱን መንከር። ከ5.5 በታች ከወረደ አሉሚኒየም ይሟሟና የገብሱንና የባቄላውን ሥር ያሳጥራል፤ ያን ጊዜ የተጨመረው ማዳበሪያም በአፈሩ ይታሰራል። ገበሬው ማዳበሪያውን ይጨምራል፣ ምርቱ ይቀንሳል።

መድኃኒቱ የመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ነው። ከደጀን የተፈጨው የባሕር ዛጎል ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እዚህ አፈር ላይ ይበተናል። በሄክታር ከ2 እስከ 4 ቶን የተለመደ መጠን ነው። 3 ቶን ማለት 30 ኩንታል ነው፤ ከመኪና መንገድ ወደ ማሳ በአህያ 50 ኪሎ እየተጫነ 60 ምልልስ። የኖራ ነገር የሚከሽፈው በዋጋው ሳይሆን በዚህች የመጨረሻ መንገድ ላይ ነው። የገባውም ቢሆን እንደ ዱቄት ካልደቀቀ ለዓመታት ጠጠር ሆኖ ይቀመጣል፤ ከላይ ተበትኖ ካልታረሰ ሥሩ ጋ አይደርስም፤ እርጥበት ካላገኘ አይሠራም። ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ ይግባ፤ ከዩሪያ ጋር በአንድ ቀን ከተበተነ ናይትሮጅኑ አሞኒያ ሆኖ ይበናል። ጄሶም ኖራን አይተካም፤ ካልሲየም ቢኖረውም ፒኤች አያነሣም። ሎሚው እዚህም ያገለግላል።

ባሕሩም በዚሁ ሚዛን እየተመዘነ ነው። ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 280 እጅ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ዛሬ ከ420 አልፏል። ባሕር ከምንለቀው ሩብ ያህሉን ይወስዳል፤ በዚህም የገጹ ፒኤች ከ8.2 ወደ 8.1 ወርዷል። ትንሽ ይመስላል። ሚዛኑ ግን በአሥር እጥፍ የሚሄድ ስለሆነ ያ 0.1 አሲዳማነቱ በ26 በመቶ ጨመረ ማለት ነው፤ ዛጎል የሚሠሩ ፍጥረታትም ቤታቸውን ለመሥራት ይቸገራሉ። የአዊን አፈር በ30 ኩንታል ኖራ ማከም ይቻላል። ለውቅያኖስ የሚበቃ ኖራ የሚጭን መኪና የለም፤ ያለው መንገድ አለመልቀቅ ነው።

መራዊ ላይ የቆጋ ግድብ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት የታቀደ ነው፤ ውኃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከቦዩ ውጭ ያለው ገበሬ ግን ጉድጓድ ይቆፍራል፤ የፀሐይ ፓምፕ የሚጠቅመው እዚያ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ሜትር ለማንሣት 2.7 ዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። በቀን 20 ሜትር ኩብ ከ15 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት 820 ዋት ሰዓት፤ የፓምፑና የሽቦው ብክነት ሲታሰብ 1,800 ገደማ። 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ከተገኘ 360 ዋት፤ አቧራና ሙቀት ስለሚቀንሱት 500 ዋት ፓኔል ይገዛ። ባትሪ አያስፈልግም፤ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቀመጠ ታንከር ባትሪው ነው፣ ዋጋውም ዕድሜውም ይሻላል። ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ11 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብላል፤ ፍጹም ከተጋደመ አቧራው በዝናብ አይታጠብም። ፓምፑን የሚገድለው በሚያዝያ ጉድጓዱ ሲጎድል በደረቁ መዞሩ ነው፤ ውኃ ሲያልቅ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ የሌለውን ፓምፕ በርካሽ አለመግዛት።

7ኛ ቀን፦ ባሕር ዳርና ጢስ ዓባይ

ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ ሳህን ማለት ነው። ከገጹ አንድ ሚሊ ሜትር ሲተን 3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይሄዳል። በክረምት ሌሊት ባሕር ዳር ላይ ነጎድጓዱ የሚበዛውም ሐይቁ የቀን ሙቀቱን ይዞ ስለሚያመሽ ነው፤ ትልቁ ባሕር የሚሠራውን ትንሹ ባሕር እዚህ ይሠራዋል።

እምቦጭ በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ፤ የበዛው በሰሜን ምሥራቁ ዳር ነው። በሚመቸው ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬው ደግሞ በጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጠርጎ ድል አደረግን ማለት አይቻልም። ከማበቡ በፊት መንቀል፣ ከሥሩ ጋር ማውጣት፣ የተሰባበረውን ቁራጭ በመረብ መሰብሰብ፤ ከሁሉ በላይ ሐይቁ በመስከረም ከሚደርስበት ልክ በላይ ማከማቸት። ዳር ላይ የተከመረ እምቦጭ በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይገባል። ከክብደቱ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ስለሆነ ወደ ሩቅ ማጓጓዝ ውኃ ማመላለስ ነው፤ እዚያው ይጠውልግ። ተከትፎ ከእበት ጋር ለባዮጋዝ፣ ወይም ለብስባሽ ይሆናል። ምግቡ ግን ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ የሚገባ ፍሳሽ ነው፤ እርከኑ ሳይሠራ እምቦጩ አይቆምም። ቆሮሶውም አምባዛውም እንቁላል የሚጥሉበት ዳር በእምቦጩ ሲሸፈን ዓሣ አጥማጁ በታንኳ መግቢያ ያጣል።

በጢስ ዓባይ የሚወርደው ውኃ ከቀድሞው ያንሳል፤ በጨረጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ ልቀቱን ይወስናል፣ ከግንቦት 2002 ዓ.ም. ጀምሮም አብዛኛው የሐይቁ ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ወደ ጣና በለስ፣ 460 ሜጋ ዋት ወደሚያመነጨው ጣቢያ ይሄዳል። ንጹሕ ኃይል ነው፤ ዋጋውም ፏፏቴው ነው። ሁለቱንም በግልጽ መናገር ይገባል።

አሁን ጠርሙሱን ማውጣት። ከፏፏቴው በላይ በሌላ ጠርሙስ የዓባይን ውኃ ቀድቶ አጠገቡ ማቆም። ጣና ደለሉን አስቀርቶ ስለሚለቅ የዚህኛው ውኃ ደለሉ ያነሰ ነው። የጨሞጋው ታቹ ላይ ቡናማ ንጣፍ ተኝቷል። ውኃውን ቀስ ብሎ አፍስሶ፣ ደለሉን በስስ ጨርቅ አጥልሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ በወርቅ ሚዛን መመዘን፤ የሚገኘው ግራም በአንድ ሊትር ውስጥ የሄደው የማሳ አፈር ነው። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚባለው ግንዱን አየ እንጂ አፈሩን አልመዘነም። ያ አፈር በከንቱ አልነበረም የሚሄደው። የአስዋን ታላቅ ግድብ ውኃ መያዝ ከመጀመሩ በፊት፣ ከክረምቱ ጎርፍ ጋር ሜድትራንያን የሚደርሰው ለም ውኃ የባሕሩን ረቂቅ ዕፅዋት ያበዛ፣ በእነሱም ሰርዲን የሚባለው ዓሣ ይረባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1962 በግብፅ ጠረፍ 18 ሺህ ቶን ያህል ተጠምዶ ነበር፣ ጎርፉ ከተገታ በኋላ፣ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ወደ ጥቂት መቶ ቶን ወረደ። በጨሞጋ ጠርሙስ ታች የተኛው ንጣፍ ዛሬ ባሕሩም ጋ አይደርስም፤ ማሳው ላይም የለም።